የወንድ ወገን የሆንንበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት በልደታ በኩል ሳልፍ ከአንድ ጭነት መኪና ላይ ባህር ዛፍ ሲያራግፉ ደረስኩ። አጠናው ገና እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ እንኳ በደንብ አልተመለመለም። ፀሐይ ሲያገኘው ያ ሽታው ብድግ ብሎ መጣና አፍንጫዬን ሞላው። ቆምኩ። እንዲያው ዝም ብዬ ቆምኩ። የሕንፃው ዘበኛ ጠርጥሮኝ ነው መሰለኝ፣ «አባባ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ ሰርግ ሸቶኝ ነው» አልኩት። ያበደ ሽማግሌ ነው ብሎኝ ይሆናል፤ ይበል።

ላንተም ቢሆን ይህ ሽታ ምንህም አይደል። ሰርግ በአዳራሽ በሚደረግበት፣ ያውም በር ላይ ካርድ እየታየ በሚገባበት ዘመን ነው ያደግከው። በእኛ ጊዜ ሰርግ ማለት ዳስ ነው። ግቢው ውስጥ አጠና ይተከላል፣ ከላይ ሸራ ይወጠራል፣ ዙሪያው በባህር ዛፍ ቅጠል ይሸፈናል። ቀትር ላይ ሸራው ሲግል ቅጠሉ ይጠወልግና ያን ሽታ ይለቀዋል፤ ከወጡና ከጠላው ሽታ ጋር ተደባልቆ ከመንገድ ማዶ ይጠራሃል። ካርድ አልነበረም አልልህም፣ ነበረ። ለእኛ የሚልክልን ጠፋ እንጂ።

«እኛ» ስልህ ሦስት ነን። ጊዜው የአብዮቱ ነው፤ ኮሌጃችን ልደታ ነበረ፤ አንድ ዶርም ውስጥ ነው የምንተኛው። አንዱ ዘፋኛችን ነው። ዘፋኝ ስልህ መድረክ ላይ የወጣ እንዳይመስልህ፤ የሂሳብ ተማሪ ነው፣ ግን እግዜር የሰጠው ጉሮሮ ነበረው። ሻወር ቤት ገብቶ ሲያንጎራጉር ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ መቸኮሉን ይረሳ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ተመርቆ በተመደበበት አገር ወባ ገደለው፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሁለተኛው ኮስታራው ነው፤ የምህንድስና ተማሪ፣ ጥርሱን ለማየት ቀጠሮ መያዝ የሚያስፈልግህ ሰው። ሦስተኛው እኔ፣ ወሬኛው።

ተርበን ነበር ብልህ እዋሽሃለሁ። መኝታውም ምግቡም ከኮሌጁ ነው። የካፌው ሽሮ ግን ከመቅጠኑ የተነሳ የሳህኑ አበባ ከስር ይታይበት ነበር። ኪሳችን ደግሞ ባዶ። ቤተሰቦቻችን ክፍለ ሀገር ናቸው፤ የሚልኩት ቢኖር ለሳሙናና ለቴምብር ነው። ሲኒማ ስንገባ ዓመት በዓል ነው የሚመስለን። ሌላው ተማሪ እሁድ እሁድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣራ ሲቆጥር ይውላል፤ እኛ ግን ጥር በገባ ቁጥር ፊታችንን ታጥበን፣ ዓይናችንንም በጨው አጥበን፣ ሰርግ ፍለጋ እንወጣ ነበር።

አትሳቅ! ሙያ ነው። ክራባት ለሦስታችን አንድ ነበረችን፤ በተራ እናስራታለን። ኮት ግን ሁላችንም ከሰልባጅ ተራ የገዛነው አለን፤ የእኔ እጅጌው ጣቶቼን ስለሚውጣቸው ወደ ውስጥ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ነው የምይዘው። ከልደታ ተነስተን ወደ ተክለ ሃይማኖት እያዘገምን ጆሯችንን እንጥላለን፤ ከበሮ ከሰማን በቃ፣ ቀኑ የእኛ ነው። ሙሽራው ከነአጃቢው ሊደርስ ሲል ጠብቀን፣ ሆ ብለን ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅለን እንገባለን። የሴቱ ወገን የወንዱ ዘመዶች ናቸው ብሎ ያስባል፤ የወንዱ ወገን ደግሞ የሴቷ ናቸው ብሎ ይተወናል። በዚህ መሃል ሳህን ይሰጠናል።

ነውረኞች ግን አልነበርንም፤ ይህን ልብ በልልኝ። በነጻ አንበላም። ዘፋኛችን ይዘፍናል፤ እኔ እጨፍራለሁ፣ አሮጊቶቹን አስቃለሁ፤ ኮስታራው ደግሞ ማንም ሳያዘው ባዶ ጠርሙስ ይሰበስባል፣ ወንበር ያቀብላል። ቀዝቅዞ አግኝተነው ሞቅ አድርገነው የወጣነው ሰርግ ስንት ነው! ማታ ዶርም ስንመለስ ሸሚዛችን በላብ ርሶ፣ ሆዳችን ሞልቶ፣ አልጋ ላይ ወድቀን ዝም ብለን እንስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብር አግኝቼበት የተዝናናሁበት ስንት ቦታ አለ፤ እንደዚያ ሳቅ ግን አላገኘሁም።

ታዲያ አንድ እሁድ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቁልቁል በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ሪባን የታሰረባት አንዲት ቮልስ ቆማ አየን። አጠገቧ ሦስት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ሙሽራው ደረቱ ላይ ባለው አበባ ይታወቃል፤ ሁለቱ ሚዜዎቹ ናቸው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ልጅ እግር። ከወዲያ ማዶ ከግቢው ውስጥ ከበሮው ይደለቃል። «አጃቢው ከኋላ እየመጣ ነው» አለ ዘፋኛችን። ማን ይጠራጠራል? ሙሽራ ብቻውን አይመጣ። ሦስቱ መራመድ ሲጀምሩ ከአጥሩ ጥግ ብቅ አልንና ዘፋኛችን ጉሮሮውን ከፈተው። እኔ ተቀበልኩ። ኮስታራው እንኳ አጨበጨበ። ሙሽራው ዞር ብሎ አየን፤ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ፊቱ በራ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሩ ላይ ደረስን። መቼም ልማዱን ታውቀዋለህ፤ የሙሽሪት ጓደኞች በሩን ይዘው አናሳልፍም እያሉ ይዘፍናሉ፣ የወንዱ ወገን ደግሞ በዘፈን እየመለሰ ይገፋል። ለዚህ ነው ወንዱ ብዙ ሆኖ መምጣት ያለበት። እኔ ከኋላ የሚገፋኝ ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ውሻ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ክው አልኩ። ለካ አጃቢው እኛው ነን!

ኮስታራውን በክርኔ ጎሰም አደረግኩት። እሱም ዞሮ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንውጣ» አለኝ። ይህን ጊዜ ወፍራሙ ሚዜ ክንዴን አፈፍ አደረገኝ። ሽቶ ሽቶ ይላል። «ወንድሜ፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፣ አልጠይቅምም» አለኝ በጆሮዬ። «ስለ ልደታ ብላችሁ እንዳትሄዱ።»

ነገሩን በዘፈኑ መሃል ቁርጥርጥ አድርጎ ነገረኝ። ሙሽራው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ዘመዶቹ ያሉት ሰሜን ነው፤ ለሰርጉ ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ መንገዱ በጦርነቱ ተዘጋና ቀሩ። ምናልባት ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ተራ ተመላልሷል። የሥራ ጓደኞቹ እንኳ አስቸኳይ የመንግሥት ሥራ አለ፣ እሁድም ግቡ ተብለው ተይዘዋል፤ ፈቃድ ያገኙት ሁለቱ ሚዜዎች ብቻ ናቸው። ሙሽሪት ደግሞ አባት የላትም፤ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። ሽማግሌ በተላከባቸው ጊዜ አጎትየው፣ «ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ወገኑን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበር። በስንት ልመና ነው፣ እንግዲያው በሰርጉ ዕለት አያቸዋለሁ ብለው እሺ ያሉት። ዛሬ ያ ዕለት ነው፣ የወንዱ ወገን ደግሞ ሙሽራው፣ ሁለት ሚዜና ሦስት የማይታወቅ ተማሪ ነው።

አንጀቴን በላኝ። ኮስታራው ግን አሁንም «እንውጣ» ይላል። ዘፋኛችን ሁሉንም ሰምቶ ነበር፤ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ገልመጥ አደረገንና ድምፁን ከፍ አደረገው። እኔም ያለኝን ጨመርኩ። የበሩ ልጆች ሳቁ፣ ላሉ፣ በሩ ተከፈተ።

ዳሱ ውስጥ ገብተን ያየነውን እንዴት ብዬ ልንገርህ። ለወንድ ወገን ተብሎ ሦስት ረድፍ አግዳሚ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ባዶውን ይጠብቃል። ከፊት ለሽማግሌዎች ባለ መደገፊያ ወንበር ተደርድሯል። ሙሽራው ከሙሽሪት ጋር ቦታው ላይ ሲቀመጥ እኛ ሦስታችን ያን ሁሉ አግዳሚ ለመሙላት ተራርቀን ተቀመጥን። ኮታችንን አውልቀን፣ ለጊዜው የወጣ ሰው ያለ ይመስል፣ በየባዶው ቦታ ላይ አነጠፍን። ኮት ሦስት ነው፤ አግዳሚው ግን ማለቂያ የለው። ከማዶ የሴቱ ወገን ጢም ብሎ ያየናል።

አንዲት ደርባባ ሴትዮ ጭልፋና ድስት ይዘው መጡ፤ ኋላ እንዳወቅነው የአጎትየው ባለቤት ናቸው። «እናንተ ለሙሽራው ምኑ ናችሁ የኔ ልጆች?» አሉ። «ወንድሙ ነኝ» አለ ዘፋኛችን፣ ዓይኑ ሳይርገበገብ። ኮስታራው መሬት መሬት እያየ «የአክስቱ ልጅ» አለ። የአክስት ልጅ ልሆን ያሰብኩት እኔ ነበርኩ! ቀደመኝ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሌላ ዝምድና ከአእምሮዬ ጠፋ፤ «አጎቱ ነኝ» አልኩ።

«ምን?» አሉ ጭልፋውን አየር ላይ አቁመው። «አንተ? አጎት?»

«አባቴ በስተርጅናው ነው የወለደኝ» አልኩ። ዘፋኛችን ትን ብሎት ጀርባውን ደበደብነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጢም እንኳ አላበቀልኩም። ሙሽራው ቢያንስ ሠላሳ ይሆነዋል።

ሴትዮዋ ሄደው ምን እንዳሉ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ከዘራ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፊቴ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አስተያየታቸው ራሱ መስቀለኛ ጥያቄ ነው። «አጎት አንተ ነህ አሉኝ» አሉ። «እኔም የልጅቷ አጎት ነኝ። ና እስቲ፣ አጎት ለአጎት እንነጋገር።»

ኮቴን ከአግዳሚው ላይ አንስቼ ለበስኩና ከዳሱ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ ሴቶች ሥጋ ይከትፋሉ፣ የጠላ ጋን በሰልፍ ቆሟል፣ የማገዶው ጢስ ዓይን ያቃጥላል። እጅጌዬ የተያዘበት መርፌ ቁልፍ ተፈትቶ ኮቴ ጣቴ ድረስ ወርዷል። እሳቸው ዝቅ ብለው አዩት።

«የሙሽራው አባት ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

አንዱን ስም ጠርቼ እንዳልወጣ፣ የሙሽራው የአባት ስም ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ዳሱ ውስጥ ካለው ሰው ያን ካርድ ያላየነው እኛ ብቻ ነን። «አላውቅም» አልኩ።

«የልጁንስ?»

«እሱንም አላውቅም ጋሼ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እሳቸው አይጮሁም፣ አይቆጡም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከዝምታቸው ብዛት አፌ በራሱ ተፈታ። «ተማሪዎች ነን ጋሼ» አልኩ። «ሳንጠራ የመጣነው ልንበላና ልንጨፍር ነው። ሰውየውን ያየነው ዛሬ በር ላይ ነው። ዘመዶቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀርተዋል። እኛን ያባሩን፣ ከፈለጉም ይምቱን፤ እሱ ግን አልጠራንም፣ ዋሹልኝም አላለንም። ውሸቱ የእኛ ነው።»

«ብቻችሁን መሆናችሁን በር ላይ ካወቃችሁ ለምን አልሄዳችሁም?»

«ብቻውን ነበረ» ብቻ አልኩ።

ሽማግሌው መሬቱን በከዘራቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። «የልጁ ቤት ጌጃ ሰፈር ነው ብለውናል። እዚያስ ማን አለ?»

«ማንም ያለ አይመስለኝም።»

«ግባና ተቀመጥ» አሉኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።» ከዚያም ባለቤታቸውን ጠርተው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ነጠላቸውን ለበሱ፤ ሁለቱም በጓሮ በር ወጡ።

ትንፍሽ እንዳልል ብባልም ለሁለቱ ጓደኞቼ ሳልነግር መቆየት አልቻልኩም። ኮስታራው ከመቅጽበት ብድግ አለ። «ቀበሌ ሊነግር ነው የሄደው። አብዮት ጥበቃ ይዞ ነው የሚመጣው» አለ። አልፈርድበትም። በዚያን ጊዜ ማንነታቸው የማይታወቅ ሦስት ወጣቶች ተብሎ መጠቆም ቀልድ አልነበረም፤ ለዚያ የሚጠየቅ ጥያቄ ሰርግ ላይ አይጠየቅም። እኔም በሩን በሩን ማየት ጀመርኩ። ዘፋኛችን ግን እግሩን አንስቶ እግሩ ላይ ጫነ። «እናንተ ሂዱ» አለ። «እኔ ከተነሳሁ ይህ ሁሉ ወንበር ባዶ ሊሆን ነው።»

ኮስታራው ኮቱን ለብሶ ወጣ። በዓይኔ ሸኘሁት። ደህና ዋሉ እንኳ አላለንም፤ ከፋኝ። ትንሽ ቆይቶ በሌላኛው በር በኩል አንድ ሣጥን ለስላሳ ተሸክሞ ገባና በሴቱ ወገን መካከል ማደል ጀመረ። «የሙሽራው የአክስት ልጅ ነኝ፣ ይጠጡ እንጂ እማማ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ያ ሰው ውሸት አይሆንለትም ነበር እኮ! ዘፋኛችን ይህን ሲያይ ተነስቶ ከበሮውን ከልጆቹ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭፈራ ልገልጽልህ አልችልም። ሽማግሌ ቄስ ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ። እኔም ፍርሃቴን በእግሬ ጨረስኩት።

ጭንቁ የመጣው ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ሊወጡ ሲነሱ ነው። የሙሽሪት እናት ተሳሙ፣ ቄሱ ባረኩ፤ የአጎትየው ወንበር ግን ባዶ ነው። «ጋሼስ?» አለች ሙሽሪት። «ይመጣል» አሏት እናትየው፣ ዓይናቸው በሩ ላይ እንደተሰካ። ጠበቁ። ከማዶ ሹክሹክታው ተነሳ፤ አኩርፎ ነው፣ ወገን የለውም ብሎ ነው፣ ሳይመርቃት ሊቀር ነው። ሙሽሪት ከንፈሯን ነከሰች፣ እንባዋ ግን ወረደ። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ የሱሪውን ጉልበት ይጠርጋል፤ አቧራ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጠርጋል። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አጎቱ ነኝ ባልል፣ አፌን ብይዝ፣ ሽማግሌው ቢያንስ መርቀዋት ይቀመጡ ነበር። እውነት ተናገርኩ ብዬ የሰው ሰርግ አፈረስኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አላውቅም።

ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም፤ ሰዓት እላፊ አለ፣ የሙሽሪት አጃቢዎች ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። ሙሽሮቹ ከሚዜዎቹ ጋር ቮልሷ ውስጥ ተጣበው ገቡ። እኛና የሙሽሪት ጓደኞች ከኋላ በእግራችን እየዘፈንን ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድን። ቮልሷ በሰው እርምጃ ነው የምትሄደው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የቆርቆሮውን ጣራ ሁሉ ቢጫ አድርጋዋለች። ዘፈኑ እየሳሳ፣ እየሳሳ መጣ። ወፍራሙ ሚዜ በመኪናው መስኮት እጁን አውጥቶ የቤቱን ቁልፍ ጨብጧል። የሙሽራ ቤት ሲደረስ እልል ብሎ የሚቀበል እናት አባት ይኖራል፤ እኛ የምንደርሰው ግን ተቆልፎ በዋለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ይህን ልጆቹ አያውቁም። ሙሽሪትም አታውቅም፤ ቢያንስ የምትቀበለኝ አክስት አላጣም ብላ ነው የምትሄደው።

ወደ ቅያሱ ስንታጠፍ ከበሮ ሰማን። «እዚህ ሰፈር ሌላም ሰርግ አለ» አለ ኮስታራው።

ሌላ ሰርግ አልነበረም። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች፣ የሰፈሩ ሰው ይሆናል፣ ነጠላ ለብሰው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። አግዳሚ ተደርድሯል። ባለጭልፋዋ ሴትዮ ከፊት ሆነው እልልታውን ሲያቀልጡት ሰፈሩ ተናወጠ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ያለ ዕረፍት ሲሯሯጡ እንደዋሉ ጫማቸው ይናገራል፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው።

ሙሽሪት ከመኪናው ወርዳ ስታያቸው «ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

«ጋሼ አይደለሁም ዛሬ» አሉ። «የባልሽ አባት ነኝ። እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ፤ ቤትሽ ነው፣ ግቢ።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ «የሴቱ ወገን ብዙ ነው፤ አንድ ሰው ቢጎድልበት አይታወቅም። እኔ ወደዚህ ዞሬያለሁ» አሉ።

ሙሽራው በሱፉ ቄጤማው ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን አቀፈ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ሽማግሌው በእጃቸው አናቱን ይዘው ቆዩና፣ «በቃ፣ ተነስ፣ ሰው ፊት ነው» አሉት፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ። እኔማ ምኑን ልንገርህ። የልደታዋን እመቤት አመሰገንኩ፣ አጎትነቴንም አመሰገንኩ። ባልዋሽ ኖሮ አይጠሩኝም፤ ባይጠሩኝ ኖሮ ያ ደጃፍ እንደተቆለፈ ይጠብቀን ነበር።

ሊመሽ ሲል ልንሰናበት ስንል ሙሽራው ሦስታችንንም በተራ አቅፎ ስማችንን ጠየቀን። እኛም የእሱን ጠየቅን። አስበው፣ ቀኑን ሙሉ ወንድሙ ሆነን ውለን!

ከዚያ በኋላ እስክንመረቅ ድረስ የእሁድ ምሳችን ጌጃ ሰፈር፣ እዚያ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ሌላ ሰርግ ሳንጠራ ሄደን አናውቅም፤ ደስታው ስለጠፋ አይደለም፣ እሁዳችን ስለተያዘ ነው። ዛሬ ያ ቤት ፈርሷል፣ ዳሱ የተተከለበትም ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ሽማግሌው ካረፉ ቆዩ። ባልና ሚስቱ ግን አሉልኝ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፤ በየዓመት በዓሉ እንደዋወላለን፣ የዘፋኛችንን ሙት ዓመትም አብረን አስበናል። ደሃ ተማሪ መሆኔን እስከዛሬ ረግሜው አላውቅም። ኪሴ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ያን እሁድ ሲኒማ ነበር የምውለው።

ሽማግሌው ያን ዕለት ሲያሰናብቱን ያሉንን ግን ሳልነግርህ አልጨርስም። ይቅርታ ልንጠይቃቸው አፋችንን ስንከፍት በከዘራቸው አስቆሙን። «ነገ ከትምህርት በኋላ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ። «እነዚህ አግዳሚዎች የእድር ናቸው፤ ለምኜ ነው ያመጣኋቸው። መመለስ የወንዱ ወገን ሥራ ነው።»

ሰኞ ከሰዓት ሄድን። አግዳሚውን በትከሻችን ተሸክመን፣ እኔ ከኋላ፣ ኮስታራው መሃል፣ ዘፋኛችን ከፊት እያንጎራጎረ፣ ጠባቡን መንገድ ተያያዝነው። ጫማችን ላይ የትናንቱ ቄጤማ እንደተጣበቀ ነው። አንዲት ባለሱቅ ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «የማን ሰርግ ነበር ልጆች?» አለችን። ወሬኛው እኔ አፌን ስከፍት ኮስታራው ቀደመኝ።

«የወንድማችን» አላት፣ አግዳሚውን በትከሻው እያስተካከለ።